ለመንገደኛ ድንኳን የሚሆን መሬት
በየዓመቱ ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናም ሆነ በሞጣ፣ ታቦታቱ ወደ ማደሪያቸው ሲወርዱ ሜዳው ላይ ድንኳን ይተከላል፤ ምእመኑም ጋቢውን ተከናንቦ በዙሪያው ያድራል። ሁልጊዜ ልቤን የሚነካው፣ ከሩቅ የመጣው ሰው ኪሱ ሳይጠየቅ ማደሪያ ማግኘቱ ነው። ጎኑን የሚያሳርፍበት መሬትና አብሮት የሚነቃ ሰው ካለ ሌሊቱ አይከብደውም። በሌላው ጊዜ ግን ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ፣ ዲማ ጊዮርጊስን ሊሳለም ወይም ሰባራ ድልድይን ሊያይ የወጣ ወጣት፣ ድንኳኑን በጀርባው ይዞ እንኳ ቢመጣ ሐሳቡ የአልጋ ዋጋ ላይ ነው። በስሜን ተራሮች ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ላይ መንገደኛ ድንኳኑን ተክሎ ያድራል፤ ይህ ለምሥራቅ ጎጃም ቅንጦት ሊሆን አይገባም። አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ትውልድ የምንፈልግ ከሆነ፣ አገር ማየትን ገንዘብ ላለው ብቻ መተው ትልቅ ጥፋት ነው። የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፦ የታቦት ማደሪያው ክብሩ ተጠብቆ፣ ከዚያ ውጭ የታጠረ ሜዳ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና የሌሊት ዘብ ይበቃል። ከመንገደኛው የሚሰበሰበው ትንሽ ክፍያም ለአካባቢው ወጣት ሥራ ይሆናል። የብቸናና የሞጣ ማዘጋጃ ቤቶች፣ መንገዱ ሰላም አግኝቶ እንግዳ ሲበዛ ከመሯሯጥ፣ ቦታውን ዛሬውኑ ይከልሉ።