የማሕፀን መውጣት ቀዶ ሕክምና፦ ከሆስፒታል መልስ ውኃውን ማን ይቀዳል?

በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የቤተሰብ ኑሮ ከሚሸከማቸው ነገሮች መካከል የሴቶች ጀርባ ግንባር ቀደሙ ነው። በየምንጩ የሚታየው ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። እንጨት፣ ኩበት፣ ነዶና የወፍጮ እህል ሲጨመርበት ሸክም የማይወርድበት ቀን ጥቂት ነው። አራስነቷን ሳትጨርስ ወደዚህ ሥራ የተመለሰች፣ ከአንድም ሦስትና አራት ጊዜ የወለደች ሴት አንድ ቀን ከብልቷ በኩል የሚገፋ፣ ሲቀመጡ የሚቆረቁር፣ ሲቆሙ የሚወርድ ነገር ይሰማታል። ሐኪሞች ይህን የማሕፀን መውጣት ይሉታል።

ማሕፀን፣ ፊኛና የሰገራ መውጫ አንጀት በቦታቸው የሚቆዩት ከዳሌ ሥር በተዘረጉ ጡንቻዎችና ጅማቶች ተደግፈው ነው። የረዘመ ምጥ፣ በተደጋጋሚ መውለድ፣ ከባድ ሸክም፣ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት፣ በእድሜ የሚመጣ መላላት ይህን ድጋፍ ያዳክሙታል። ችግሩ ከፊስቱላ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ፊስቱላ በምጥ መራዘም የሚፈጠር ቀዳዳ ሲሆን ሽንት ወይም ሰገራ ያለፈቃድ ያፈስሳል፤ የማሕፀን መውጣት ግን ቀዳዳ የለውም፤ አካሉ ራሱ ከቦታው ይወርዳል። ልዩነቱን ማወቅ ታካሚዋ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚጠብቃት ለመረዳት ይጠቅማል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዳባት ወረዳ ባካሄዱት ጥናት ችግሩ በገጠር ሴቶች ዘንድ ጥቂቶችን ብቻ የሚነካ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ሆኖም በየቤቱ ሲነገር አይሰማም። ፈሳሽና ሽታ ያለባት ሴት ከማኅበርና ከለቅሶ ቤት ትቀራለች፤ ከባሏ ጋር መተኛት ያማታል፤ ምክንያቱን ግን አትናገርም። ለዓመታት በጨርቅ ደግፈው የሚኖሩ፣ ጠበል ብቻ የሚመላለሱ ብዙዎች ናቸው። ጠበሉም ሕክምናውም ጎን ለጎን ሊሄዱ ሲችሉ አንዱን ለሌላው ምትክ ማድረግ የሚጎዳው ታካሚዋን ነው።

የመጀመሪያው ደጅ ቅርብ ነው። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ምርመራ አድርጋ ወደ ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ ወይም አዲስ ዘመን ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ልትልካት ትችላለች። በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ግቢ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የሐምሊን ባሕር ዳር ማዕከልም ከፊስቱላ ሌላ የከፋ ደረጃ ላይ የደረሰ የማሕፀን መውጣትን ያክማል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር በመኪና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ ችግር ግን ይህን አጭር መንገድ ለታካሚ አስቸጋሪ ያደረገባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

ስለ ወጪው የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መድኑ ይሸፍነዋል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ይኸው የዞኑ ፎገራ ነበር። መድኑ ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን አይከፍልም። በትልልቅ ከተሞችና በውጭ አገር የሴት ብልትን ቅርጽ ለማስተካከል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፣ የጤና ምክንያት ከሌለው፣ ከዚህ ወገን ይመደባል። የማሕፀን መውጣት ግን በሽታ ነው። በእፍረት «የሴት ነገር» እየተባለ ከዚያኛው ጋር መደባለቁ ታካሚዋን መብቷን ያሳጣታል። አባል የሆነች ሴት ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወረቀት መሄድ ይኖርባታል፤ ደረጃውን ዘልላ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ከደረሰች ወጪው ወደ ኪሷ ሊዞር ይችላል። የመኪና፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ ደግሞ በመድኑ ውስጥ የለም። ዶሮና በግ የሚሸጠው በአብዛኛው ለዚህኛው ነው።

ሐኪሙ ዘንድ የደረሰች ሴት ሁሉ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል ማለት አይደለም። ችግሩ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ባሉ ደረጃዎች ይለካል። ቀላል ለሆነው የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን የማጠናከር እንቅስቃሴ ይመከራል፤ ሽንት ለመያዝ እንደሚደረገው ጡንቻውን ጨብጦ ጥቂት ሰከንድ ማቆየት፣ መልቀቅ፣ በቀን ደጋግሞ መሥራት። ለሌሎች ፔሳሪ የሚባል የሲሊኮን ቀለበት ከውስጥ ይደረግና ማሕፀኑን ይደግፋል። ቀለበቱ ግን በየጊዜው መታጠብና መታየት ስላለበት ከጤና ጣቢያ ርቃ ለምትኖር ሴት ሁልጊዜ አይመችም።

ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ የደም ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የሽንትና የማሕፀን በር ምርመራ ይቀድማል። የወጣው አካል ከልብስ ጋር እየታሸ ከቆሰለ ቁስሉ መጀመሪያ እንዲድን ይደረጋል፤ ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና ሄዳ «ጥቂት ሳምንት ቆይተሽ ተመለሺ» የተባለች ሴት አልተባረረችም። ቀዶው ብዙውን ጊዜ ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ፣ ሆድ ሳይከፈት፣ በብልት በኩል ይከናወናል። ማሕፀኑ ወጥቶ የላላው ክፍል ሊጠገን ይችላል፤ ማሕፀኑን ሳያወጡ መልሶ መስቀልም አለ። ማሕፀኗ የሚወጣ ሴት ከዚያ በኋላ እንደማታረግዝ፣ የወር አበባም እንደማታይ አስቀድሞ በግልጽ ሊነገራት ይገባል። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ መስማማት ያለባት እርሷ ናት፤ ባል ወይም ወንድም ስለ እርሷ ሲመልስ ሐኪሙ እንደገና እርሷን መጠየቅ አለበት። ለጥቂት ቀናት የሽንት ቱቦና ቀላል ደም መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ብዙ ደም፣ ሽንት አልወጣ ማለት፣ የአንድ እግር ማበጥ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚያስመልሱ ምልክቶች ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሐኪሙ ሥራ ነው። የቀረው ቤት ውስጥ የሚፈጸም ነው፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚያ ነው። ታካሚዋ ቢያንስ ለ6 ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት፣ ከባሏ ጋር መተኛት የለባትም፤ ለሸክሙ ሐኪሞች እስከ 3 ወር ሊያራዝሙት ይችላሉ። ሆድ ሲደርቅ ማማጥም ስፌቱን ስለሚጎዳ በቂ ውኃና አሰር ያለው ምግብ ያስፈልጋታል፤ በዚህ በኩል የደጋው ገብስና የጾም ምስር ሳይታሰቡ መድኃኒት ናቸው። ጀሪካኑን በ3ኛው ሳምንት የተሸከመች ሴት ግን የተሰፋውን ጅማት መልሳ ልትበጥሰው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ እዚያው ሐኪም ደጅ ልትቆም ትችላለች። ችግሩ በጥሩ ቀዶ ሕክምናም ቢሆን ሊመለስ የሚችል ነው፤ ሸክም ሲጨመርበት ዕድሉ ይሰፋል።

አካባቢው ለዚህ የሚሆን ሥርዓት የለውም ማለት አይቻልም። ወንድ የወለደች እስከ 40 ቀን፣ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን፣ እስከ ክርስትናው ድረስ፣ አራስ ትባላለች። ጎረቤት ገንፎ ያገነፋላታል፣ እህት ወይም እናት መጥታ ውኃ ትቀዳላታለች፣ ከባድ ሥራ ስትሠራ የታየች እንደሆነ ባሏ ይወቀሳል። 40ው ቀን ከ6ቱ ሳምንታት፣ 80ው ቀን ከ3ቱ ወራት ጋር የሚቀራረብ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ሆኖም ከሆስፒታል የተመለሰችው የ45 ዓመት ሴት ሕፃን አልታቀፈችም፤ ቁስሏም አይታይም። ስለዚህ ማንም አራስ አይላትም። በሳምንቱ እንጀራ ስትጋግር፣ በወሩ ምንጭ ወርዳ ብትታይ የሚደነቅ የለም።

የቀጠሮው ወር ሌላው ጥያቄ ነው። በክረምት ምንጩ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ጭቃ፣ ጅረቱ ሙሉ፣ አረሙም የሴቷን ጉልበት የሚጠብቅ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ አለ፤ ለሠራተኛ ጠላ መጥመቅና ምግብ ማድረስ በእርሷ ላይ ነው። በጥር ምርት ገብቶ ገንዘብ ይገኛል፣ የመድን መዋጮም በዚያው አካባቢ ይሰበሰባል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ የወንዱም እጅ ከእርሻ ያርፋል። የሚከፋው ከየካቲት ወዲያ በጉና ግርጌ ባሉ ብዙ ቀበሌዎች ምንጮች መቀነሳቸውና የውኃው መንገድ መርዘሙ ነው። ከሁሉ ተመዝኖ ጥር ይሻላል። ያኔ ሥራ የፈታው ሰውዬና ሥራ የፈታችው አህያ አሉ፤ ጀሪካኑን በአህያ ጭኖ መንዳት ወንድን አያስነውርም። አህያ የሌለው ቤት ከጎረቤት በወንፈል ሊዋዋል ይችላል፤ ለእርሻ በሬ የሚቀናጅ አርሶ አደር ለዚህ አይቸገርም።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ቀጠሮ መምረጥ ለምትችል ሴት ነው። የሆስፒታሉ ወረፋ ረጅም ሲሆን፣ ወይም ቀዶ ሕክምናው በዘመቻ መልክ ድንገት ሲታወጅ፣ ወሩን የምትወስነው እርሷ አይደለችም። ሽንት የከለከላት ወይም ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት ደግሞ ወቅት አትጠብቅም። ለእነዚህ የሚረዳው ነገር አንድ ነው። ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን ምክሩ ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ሊወስዳት ለመጣው ባል ወይም ልጅ አብሮ ይነገር፤ የ6ቱ ሳምንት ማብቂያ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወረቀቷ ላይ ይጻፍ፤ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ከዚያ ቀን በፊት ቤቷ ድረስ ሄዳ ጀሪካኑን የያዘው ማን እንደሆነ ትይ።