የወፍጮ ሥራና የሆድ ሥራ

በአማርኛ «መፈጨት» የሚለው ቃል ለሁለት ሥራ ያገለግላል። እህል በወፍጮ ይፈጫል፤ የተበላም ምግብ በሆድ ውስጥ ይፈጫል። ቋንቋውን በመማር ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን ይህን ሲሰሙ የቃል እጥረት ይመስላቸው ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሁለቱ ሥራዎች በእርግጥ የተያያዙ ናቸው። ወፍጮ አስቀድሞ ያደቀቀውን ሆድ በጥቂት ድካም ይጨርሰዋል፤ ወፍጮ ያልነካውን ግን ሆድ ራሱ ጊዜ ወስዶ ሊፈጨው ይገደዳል።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ወዳጃችን ነው። ይህ ሰው ጧት ከቤቱ ሳይወጣ ነጭ ዳቦ በማርማላታ ይበላል፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይም ይጠጣል። በ4 ሰዓት ሻዩን ከቦምቦሊኖ ጋር ይደግማል። ምሳው ሁለት እንጀራ ሲሆን ወጡ ለማባያ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያም አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይከተላል። 8 ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ይጥለዋል። አንድ ቀን ስለ መሬቱ ጉዳይ ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌ ማመልከቻቸውን እንደ ያዙ ከጠረጴዛው ፊት ቆመው ሲጠብቁ ቆዩና፥ በመጨረሻ በትሕትና፥ «ጌታዬ፥ ደክሞዎታል መሰለኝ፤ ነገ ልመለስ?» አሉት። ወዳጃችን ይህን ሲነግረን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሽማግሌው እዚያ ለመድረስ ሁለት ቀን ተጉዘዋልና።

ባለቤቱ ደግሞ ድካሙን አይተው፥ ብርታት ይሰጠዋል ሲሉ በሻዩ ላይ ማር ይጨምሩለት ጀመር። ድካሙ አልለቀቀውም፤ ክብደቱ ግን በሁለት ዓመት 9 ኪሎ ጨመረ።

እርግጥ ነው፥ ከምሳ በኋላ የሚመጣው ድብታ ሁሉ በምግብ አይሳበብም። የሰውነት የቀን ሥርዓት ራሱ በዚያ ሰዓት ይላላል፤ ሌሊቱን በሚገባ ያልተኛ ሰውም ቀን ማንቀላፋቱ አይቀርም። ሆኖም የወዳጃችን ማዕድ ያለ ጥፋት ነው ለማለት አይቻልም።

ዳቦም ሆነ ድንች ወይም እንጀራ በአንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ የተባለውን ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። በዚህ ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም አውጥቶ ስኳሩን ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባዋል። ስኳሩ ቀስ በቀስ ከገባ ቆሽትም በዝግታ ይሠራል። በአንድ ጊዜ ከጎረፈ ግን ኢንሱሊኑም ይበዛል፤ በብዙ ሰዎችም ዘንድ ስኳሩ ከፍ እንዳለ ሁሉ ፈጥኖ ይወርድና ረሃብ ከጊዜው በፊት ይመለሳል። ሰውየውም ሳይርበው የራበው መስሎት ሌላ ቦምቦሊኖ ያዝዛል።

ይህ የፍጥነት ልዩነት በቁጥር የተገለጸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ. ም. ነው። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ዶክተር ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቻቸው 62 የምግብ ዓይነቶችን ለጤነኛ ሰዎች እያበሉ፥ በሁለት ሰዓት ውስጥ የደማቸው ስኳር ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለኩ። ንጹሕ ግሉኮስ 100 ተብሎ ሌላው ከእርሱ ጋር ይመዛዘናል። ቁጥሩ 55ና ከዚያ በታች የሆነ ምግብ ዝግተኛ፥ 70ና ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ ፈጣን ይባላል። በኋላ በተዘጋጁት ሠንጠረዦች መሠረት ነጭ ዳቦ 75 ያህል፥ የተቀቀለ ድንች 78 ያህል፥ ምስር 32 ያህል፥ ሽምብራና የተቀቀለ ገብስ 28 ያህል ናቸው።

አንባቢ ሊገረምበት የሚገባው ግን ሌላ ነው። ከነገለባው የተፈጨ የስንዴ ዳቦ 74 ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ ከነጩ ዳቦ የሚለየው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው ማለት ነው። ገለባው ለአንጀት የሚሰጠው ጥቅም ባይካድም፥ ወፍጮው ዱቄቱን እጅግ ካላመው የስኳሩ ፍጥነት አይቀንስም። በሶም ገብስ ነው ተብሎ ከገብስ ቆሎ ጋር እኩል ሊቆጠር አይገባም፤ በስኳር ከተበጠበጠማ የባሰ ነው። በአንጻሩ ፓስታ ከስንዴ የተሠራ ሆኖ ሳለ 49 ያህል ነው፤ ሊጡ የታመቀ ስለሆነ ሆድ ቶሎ ሊበትነው አይችልም፤ ይኸውም እንደ ገንፎ እስኪሆን ካልበሰለ ነው። ባለቤትየው የተማመኑበት ማር 61 ሲሆን ስኳር 65 ነው። ብዙ ልዩነት የለም።

ይሁን እንጂ ቁጥሩን እንደ ሕግ መቁጠር ስሕተት ላይ ይጥላል። ሐብሐብ ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በአንድ ቁራሽ ውስጥ ያለው ስኳር ጥቂት ነው። ድንች በዘይት ሲጠበስ ደግሞ ቁጥሩ ከተቀቀለው ያንሳል፤ ስቡ መፈጨቱን ያዘገየዋልና። በዚህ ምክንያት የተጠበሰ ድንች ያከሳል የሚል ሰው ቢኖር ራሱን ያታልላል። ክብደትን የሚወስነው በመጀመሪያ የሚበላው መጠን ነው፤ ዝግተኛ ምግብ የሚረዳው ጥጋብን በማቆየት ነው፤ ርዳታውም መጠነኛ ነው። በ2010 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በስምንት የአውሮፓ አገሮች በተደረገ ምርመራ፥ አስቀድመው ከከሱት ሰዎች መካከል ክብደታቸው እንዳይመለስ በተሻለ ሁኔታ የጠበቁት ከዝግተኛው ምግብ ጋር ፕሮቲን ጨምረው የበሉት ናቸው።

ይህ ለእኛ ማዕድ እንግዳ ምክር አይደለም። ምስሩ፥ ክኩ፥ ሽሮው፥ ጎመኑ ሁሉ ከፊታችን አለ፤ ችግሩ እንጀራው በዝቶ ወጡ ማነሱ ነው። እንጀራ እንደ እህሉና እንደ አጋገሩ ይለያያል፤ ቢሆንም ከላመ ዱቄት የተጋገረ ነውና አንዱን አስቀርቶ በምትኩ ወጡን ማብዛት ይበጃል። አስቀድሞ ጎመኑንና ምስሩን፥ እንጀራውን ኋላ መብላትም የስኳሩን መውጣት ይቀንሳል። ከምሳ በኋላ ወዲያው ከመቀመጥ አሥር ደቂቃ መራመድ እንዲሁ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ለስላሳ መጠጥ ግን 35 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ይህን የሚያካክስ ምስር የለም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። የስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን ወይም ስኳርን የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመለወጡም ሆነ ከመጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። እንዲህ ያለው ሰው ድንገት ቢንቀጠቀጥ፥ ቢያልበው፥ ንግግሩም ቢምታታ፥ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ሽምብራ ሳይሆን ፈጣኑ ስኳር ነው፤ ራሱን እስካልሳተ ድረስ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ለስላሳ ይጠጣ፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ወዳጃችን ዛሬ ሻዩን በግማሽ ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፤ በመሳቢያውም ውስጥ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ያኖራል። ደሙንም አስመርምሯል፤ ሐኪሙ ከስድስት ወር በኋላ እንዲመለስ ነግሮታል። የሽማግሌው ጉዳይ በዚያው ቀን ማታ ተፈርሞ ወጥቷል። አሁን አቤቱታ ያላቸው ከጎኑ የሚቀመጡት ጸሐፊ ብቻ ናቸው፤ ቆሎው ሲቆረጠም ስልክ አያሰማኝም ይላሉ።