መጀመሪያ ከሰሉ ይውጣ፣ ከዚያ ቀዳዳው ይደፈን



ብርዱ ገብቷል። ከኅዳር እስከ ጥር አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በዚህ ወቅት ደግሞ «በከሰል ጭስ ታፍነው ሕይወታቸው አለፈ» የሚል ዜና መስማት የተለመደ ሆኗል። አንዴ ባልና ሚስት፣ አንዴ እናትና ልጅ፣ አንዴ አብረው የተከራዩ ወጣቶች። ዜናው በተነገረ ቁጥር አብሮት የሚመጣው ምክርም ያው ነው፦ «ከሰል ስታነዱ መስኮት ክፈቱ።»

ምክሩ ውሸት አይደለም። ብቻውን ግን አይሠራም ባይ ነኝ። ሰው ከሰል ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባው በርዶት ነው። የበረደውን ሰው መስኮት ክፈት ብትሉት ለሩብ ሰዓት ይከፍት ይሆናል። እግሩ ሲቀዘቅዝ፣ ልጁ ማሳል ስትጀምር መልሶ ይዘጋዋል። እንቅልፍ የሚወስደውም ከዘጋው በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ቤታችን ሙቀት እንዲይዝ ካላደረግን ከሰሉን ከመኝታ ቤት ማስወጣት አንችልም። ቅደም ተከተሉ ግን መሳሳት የለበትም። መጀመሪያ ከሰሉ ይወጣል፣ ከዚያ ቀዳዳው ይደፈናል። የተደፈነ ቤትና ከሰል አንድ ላይ ከሆኑ ገዳይ ናቸው።

🔶 ቤታችን ለምን ይበርዳል?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን ፀሐይዋ ታሞቃለች፤ ሌሊት ደግሞ ደመና ስለሌለ የቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ጠዋት ቆርቆሮ ላይ ጤዛ የምታዩት ቆርቆሮው ከአየሩ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ የምትተኙ ከሆነ ያ የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ቀጥታ ከራሳችሁ በላይ ነው ማለት ነው።

ሌላው ነገር ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ ሲሄድ፣ በበሩ ስር ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ይተካዋል። ከሰል እያነደዳችሁ እግራችሁ አልሞቅ የሚለው ለዚህ ነው። የላሜራ በርና መስኮት ደግሞ ብረት ስለሆነ ብርዱን ሳይውል ሳያድር ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል።

«ታዲያ ብርድ ልብስ ደርቦ መተኛት ነው እንጂ፣ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ለጤነኛ ወጣት ችግሩ ላይታይ ይችላል። ለአረጋውያን፣ ለጨቅላ ሕፃናት፣ ለአስምና ለደም ግፊት ሕሙማን ግን የቤት ቅዝቃዜ የጤና ጉዳይ ነው። የደም ሥር ይጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የመተንፈሻ ቱቦ ይቆጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ በቀዝቃዛ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል። ቤት ማሞቅ ቅንጦት አይደለም። ጥያቄው በምን እናሙቀው ነው።

🔶 «ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የማስገባው»

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ወጥቶ፣ ደህና አድርጎ ሲፍም ይገባል። ሰዉ ጭስ ከሌለ አደጋ የለም ብሎ ያምናል። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይንም አያቃጥልም። የቀላው ፍም ደግሞ ይህን ጋዝ በብዛት ያመርታል። ጭስ ቢኖር እንኳ ያስለንና ከእንቅልፋችን ይቀሰቅሰን ነበር።

ጋዙ ደማችን ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዛል። የመያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ከፍታ ላይ ለምንኖረው ለእኛ ደግሞ አየሩ ድሮውንም ኦክስጅኑ አነስ ያለ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት እና ድብታ ናቸው። ሰው «ጉንፋን ሊይዘኝ ነው» ብሎ ሊተኛ ይችላል። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን አያውቀውም።

ቡታጋዝም፣ ጄኔሬተርም እንደዚሁ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ኮሪደር ላይ የምታስነሱ ሰዎች፣ እባካችሁ!

🔶 እሺ፣ ከሰሉ ወጣ። ቤቱን እንዴት እናሙቀው?

ከትልቁ ጀምሬ ልዘርዝር።

1️⃣ ኮርኒስ፦ አንድ ነገር ብቻ ለማድረግ አቅም ካላችሁ ይህን አድርጉ። ጂፕሰም ወይም ችፑድ ቢሆን ጥሩ፤ ካልሆነ በደንብ የተወጠረ አቡጀዲም ከባዶ ቆርቆሮ በብዙ ይሻላል። ሙቀት የሚይዘው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ጨርቁ ከአምፖልና ከኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅ አለበት።

2️⃣ የበር ስር፦ ከበሩ ስር በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ብርድ ይገባል። የጎማ ቁራጭ በሩ ግርጌ ላይ ማስመታት፣ ወይም አሮጌ ጨርቅ እንደ ረጅም ትራስ ሰፍቶ ማታ ማስደገፍ።

3️⃣ መስኮት፦ የተሰበረ መስታወት ይተካ። መስታወቱ ከፍሬሙ ጋር ከለቀቀ በስቱኮ፣ ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር ከተላቀቀ በሲሊኮን ይደፈን። በሚከፈትበት በኩል ስስ ስፖንጅ መለጠፍ ይበቃል፤ መስኮቱን ግን አትቸንክሩት፣ በፕላስቲክም ለዘለቄታው አትሸፍኑት። መከፈት አለበት።

4️⃣ መጋረጃ፦ ቀን ፀሐይ እስካለች ይከፈት፤ ነፃ ማሞቂያ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት፣ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወፍራሙ መጋረጃ ይዘጋ።

5️⃣ ወለልና አልጋ፦ ሲሚንቶ ወለል ላይ ምንጣፍ። አልጋውን ከውጭ ግድግዳ ትንሽ ራቅ ማድረግ። ብርድ ልብስ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከፍራሹ በላይ ከስርም ማንጠፍ። ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጋቢ።

የመብራት ሂሳብም ይቀንሳል። 2,000 ዋት የሚወስድ ሂተር በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በ30 ቀን 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቤቱ ሙቀት ይዞ 1 ሰዓት ብቻ ቢበቃችሁ በወር ወደ 60 ይወርዳል። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ስለሆነ ብዙ ስትጠቀሙ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ሂተሩን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሰኩት፤ በቀጭን ማከፋፈያ ላይ አይሰካ። ከመጋረጃም ይራቅ፣ ስትተኙም ይጥፋ።

🔶 መደፈን ማለት አየር መከልከል አይደለም

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አራት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከትንፋሽ፣ ከማብሰያና ቤት ውስጥ ከተሰጣ ልብስ የሚወጣ እርጥበት አለ። መውጫ ካጣ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይሠራል፤ ሻጋታ ደግሞ አስም ያባብሳል። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ የሚተላለፈው በታፈነ አየር ውስጥ ነው።

መፍትሔው ጠዋትና ቀን ላይ በርና መስኮት ትይዩ ከፍቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አየሩን መቀየር ነው። «ሙቀቱ በሙሉ ይወጣል» ብላችሁ አትፍሩ። የሚወጣው አየሩ ነው፤ ግድግዳው፣ አልጋው፣ ዕቃው የያዘው ሙቀት በዚያች ደቂቃ አያልቅም። የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት የላይኛው አየር ማስወጫ ግን ፈጽሞ እንዳይደፈን። ልዩነቱ ይህ ነው፦ አየር እኛ ስንፈልግ፣ በፈለግነው በኩል ይግባ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ በየስንጥቁ አይግባብን።

🔶 ለአራስ ቤት

አራስ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በር ተዘግቶ፣ መስኮት ተሸፍኖ፣ ከሰል እየፋመ እንግዳ ይስተናገዳል። ሐሳቡ ፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን አደገኛ ነው። ጨቅላ ሕፃን በደቂቃ የሚተነፍሰው ከአዋቂ በብዙ ይበልጣል፣ ራሴን አመመኝ ማለትም አይችልም። በእርግዝና ጊዜም ጋዙ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ እናትየው ቀለል ያለ ሕመም ሲሰማት ፅንሱ በጣም ሊጎዳ ይችላል። እናቶቻችንና አክስቶቻችን፣ አራሷን በጋቢና በምንጣፍ አሙቁልን። ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ አድርጎ ከላይ መሸፈን ደህና ሙቀት ይሰጣል። ቡናው በረንዳ ላይ ፈልቶ ጀበናው ይግባ፤ ማንደጃው ግን እዚያው ይቅር።

🔶 ለአከራዮች

የሰርቪስ ክፍል ያለ ኮርኒስ አከራይቶ፣ «ቆጣሪው አንድ ነው» ብሎ ሂተርና የኤሌክትሪክ ምድጃ መከልከል ተከራዩን በግድ ወደ ከሰል መግፋት ነው። ይህን ስል የመብራት ሂሳብ ጭቅጭቅ ጠፍቶኝ አይደለም። በየሰዉ ማካፈያ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል፤ በሂሳብ መስማማትም ይቻላል። ኮርኒስ ማስመታት፣ በሩን ማስተካከል የባለቤት ሥራ ነው። ለአንድ ተከራይ ሳይሆን ለቤቱ የሚቀር ንብረት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ከሞተ በኋላ የሚመጣው ጸጸት ከኮርኒሱ ወጪ ጋር አይወዳደርም። ተከራዮችም ውል ስትፈራረሙ ከኪራዩ ዋጋ ጋር ስለ ኮርኒሱና ስለ መስኮቱ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አንድ ውለታ ጠይቁልኝ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እዚያ በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ አለ። ከሽቶና ከጫማ ጋር አንድ ቢልኩ ቦታ አይፈጅም። ይህም ቢሆን ግን ከሰል ለማስገባት ፈቃድ አይደለም።

🚨 አደጋ ቢደርስስ?

👉 በርና መስኮት ከፍታችሁ ሰዉን ወዲያው ወደ ውጭ አውጡ። እናንተም ውስጥ አትቆዩ።
👉 ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ውሃም በአፍ አትስጡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ካልተነፈሰ የልብና ትንፋሽ እርዳታ የሚያውቅ ሰው ይጀምር።
👉 አምቡላንስ ጥሩ፦ 907 ቀይ መስቀል፣ አዲስ አበባ ውስጥ 939 እሳትና አደጋ።
👉 ሕክምና ስትደርሱ መጀመሪያ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» በሉ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ለይቶ ስለማያውቅ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። የእናንተ አንድ ቃል ሕይወት ያድናል።
👉 «ተሽሎኛል» ቢልም ይታይ። በተራ አየር ግማሹ ጋዝ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ለማጠቃለል፦ ሰዉን «ከሰል አታንድዱ» ብሎ ከነብርዱ መተው ግማሽ ምክር ነው። ግማሹን የሚሞላው ኮርኒስ፣ የበር ጎማ፣ የመስኮት ስቱኮና ወፍራም መጋረጃ ነው። ሐኪም ስለ ሲሊኮን ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ከሰል ያፈነውን ሰው በኦክስጅን ለማዳን ከመሯሯጥ ቀዳዳ መድፈን ይቀላል፤ ለዚህ ነው የሚያገባኝ።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው የት እንዳለ እዩ። ቅዳሜ ደግሞ በሩን ሥሩ።

ይህን መልእክት ኮርኒስ በሌለው ቤት ለሚኖር ወዳጃችሁ፣ አራስ ላለችበት ቤት፣ ለአከራያችሁም ጭምር ሼር አድርጉ። መልካም ጤና! 🙏