ቁጠባው ይሁን፤ ቆጠራው ይስተካከል

ከወንዝ በእንስራ ቀድተን ለኖርን ውኃ መቆጠብ አዲስ ትምህርት አይደለም። የክነረት ሐይቅ ውኃ በድርቅ ሲጎድል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 የድርቅ ቀረጥ ጣለ። አሁን ደግሞ ለአንድ ሰው በወር 3.5 ሜትር ኩብ በዝቅተኛ ዋጋ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ዋጋው ይጨምራል። ቁጠባውን እንደግፋለን። ነገር ግን የቤተሰቡን ቁጥር ያላስመዘገበ እንደ 2 ሰው ይቆጠራል። እዚህ ፔታህ ቲክቫ ሰባት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ 24.5 ሜትር ኩብ ሲገባው የሚታሰብለት 7 ብቻ ይሆናል ማለት ነው። የዕብራይስጡን ማስታወቂያ ማንበብ ያልቻለ እናትና አባት እንደ አባካኝ ይከፍላሉ። ይህ ቁጠባ ሳይሆን ቅጣት ነው!

የሚመለከታቸው ክፍሎች መብታችንን በአማርኛ እንዲያስረዱን እንጠይቃለን። እኛም የውኃ ሂሳባችንን ዛሬውኑ አውጥተን «ነፋሾት» በሚለው ቦታ የተጻፈውን ቁጥር እንይ። ከጎደለ የልጆቻችን ስም ያለበትን መታወቂያ ይዘን እናስመዝግብ። ማንበብ የሚችል ለጎረቤቱ ያንብብ።