መንገዱ አንድ ስለሆነ ነው መጠገን ያለበት

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚሄድ ሁሉ ባቢሌን ያልፋል፣ የዳካታን የድንጋይ ሸለቆ ያቋርጣል፣ ካራማራን ወጥቶ ይወርዳል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ አስፋልት ምትክ የለውም። ከአወዳይ የተጫነው ጫት፣ ከመሀል አገር የሚመጣው ዱቄትና ብረት፣ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሐረር የሚወሰደው ሕመምተኛ፣ ከቶጎጫሌ የሚመለሰው ተሳቢ ሁሉ በዚሁ መስመር ይመላለሳል። በ2010 ዓ.ም. በሶማሌና በኦሮሚያ ክልሎች አዋሳኝ ግጭት ተነሥቶ ባቢሌ ላይ መንገዱ ሲቋረጥ የጅግጅጋ ገበያ ምን እንደሚሆን ነዋሪው በዓይኑ አይቷል።

ታዲያ በዚህ መስመር ያለ ድልድይ ወይም ካልቨርት ይጠገን የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «መንገዱ አንድ ነው፤ ከተዘጋ ሥራ ይቆማል፣ ሰው ይማረራል፤ እስኪ ትንሽ ይቆይ።» ቢሮ ውስጥ ይባላል፣ ነጋዴው ይለዋል፣ ሹፌሩም ይስማማበታል። ለሕዝብ የታሰበ ስለሚመስል ማንም አይሞግተውም። እኔ ግን ይህ አስተሳሰብ በምሥራቁ አገራችን መንገዶች ላይ ጎርፉ ከሚያደርሰው ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል ባይ ነኝ።

ያረጀ ድልድይ መዘጋቱ አይቀርም። የሚለያየው ዘጊው ነው። መሐንዲስ ሲዘጋው ቀኑም ሰዓቱም ይታወቃል፤ ግማሹ ክፍት ይሆናል ወይም ቅያስ መንገድ ይዘጋጃል። ጎርፍ ሲዘጋው ግን በሌሊት ነው፣ ሳይታሰብ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ነው፤ አንዳንዴም ላዩ ላይ ካለው መኪና ጋር ነው። «ይቆይ» ብሎ የወሰነ ሰው መንገዱ እንዳይዘጋ አላደረገም፤ አዘጋጉን ለጎርፉ ሰጥቶታል።

ጎርፍ በዚህ አካባቢ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በ2008 ዓ.ም. በልግ ላይ ጅግጅጋ ራሷ በአንድ ጎርፍ ከ20 በላይ ሰዎችን ቀብራለች። የፋፈንም ሆነ የጀረር ሸለቆ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ግመል ይሻገረዋል። ዝናቡ ከላይ ከተራራው ላይ ሲጥል ግን እታች ያለው ሰው ጠብታ ሳያይ ውሃው ድንጋይና ግንድ እየገፋ ይደርሳል።

«ደረቅ ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ አያረጅም» የሚለው እምነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። እንዲያውም የደረቅ ወንዝ ድልድይ ሳይታወቅ ያረጃል። ከላይ ሲነዱበት አስፋልቱ ደህና ነው፣ መከላከያው ቀለም ተቀብቷል። ወደ ሥሩ የወረደ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። የምሰሶው መሠረት ተሸርሽሮ አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ የነበረው ኮንክሪት ወጥቶ ይታያል። መሠረቱን እንዲጠብቅ የተደረደረው ጋቢዮን ሽቦው ተበጥሶ ድንጋዩ ተበትኗል። ለግንባታ ተብሎ አሸዋ እየተዛቀ የሚጫነው ከምሰሶው አጠገብ ነው። ከድልድዩ ወለል ውሃ እንዲያወርዱ የተተዉት ቀዳዳዎች በፕላስቲክ ጠርሙስና በጭቃ ተደፍነዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በስንጥቁ ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል፣ የዛገው ብረት አብጦ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። በሙቀት የሚለጠጠውንና በብርድ የሚሰበሰበውን ወለል የሚያገናኘው ክፍተት አሸዋ ሞልቶበት መንቀሳቀሻ አጥቷል። ይህን ለማስተካከል ቀዳዳ መጥረግ፣ ጋቢዮን ማሰር፣ ክፍተት ማጽዳት ይበቃል። አብዛኛው መንገድ እንኳ ሳይዘጋ የሚሠራ ነው። «ይቆይ» የተባለው ግን ይህም ጭምር ነው።

ትራፊክ ሳይቆም ድልድይ መጠገን አይቻልም ለሚሉ ከሁሉም የከበደውን ምሳሌ ላምጣ፤ በኃይል ማመንጫ ግድብ ላይ ያለን ድልድይ። እንዲህ ያለ ድልድይ ሥሩ የውሃ መልቀቂያ በር ነው። መንገዱን ወደ ጎን ልውሰደው ቢሉ አንዱ ጎን ሐይቅ ነው፣ ሌላው ጎን ገደል። ኡጋንዳ ጂንጃ ላይ ነጭ ዓባይን የምትሻገረው በዚህ ዓይነት ድልድይ ነበር። በ1946 ዓ.ም. በተመረቀው የኦወን ፎልስ ግድብ ላይ ያለፈው መንገድ ከኬንያ ወደ ካምፓላ የሚወስደው ዋና መስመር ነበር። ግድቡ ኋላ ናሉባሌ ተብሏል። ለሩዋንዳ፣ ለቡሩንዲና ለምሥራቅ ኮንጎ የሚሄደው ተሳቢ ብዙው የሚሻገረው በዚያ ነበር። የድልድዩ ማርጀትና የጭነቱ መብዛት ሲያሳስባቸው አሮጌው እያገለገለ በአጠገቡ በጃፓን ብድር 525 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ ሠርተው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከፈቱት። አሮጌው ሳይወድቅ ቀደሙት።

ዛምቢያና ዚምባቡዌ ደግሞ በካሪባ ግድብ አናት ላይ የሚሄድ የድንበር መንገድ አላቸው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው ያለቀው። ከበሮቹ የሚወረወረው ውሃ ባለፉት አሥርት ዓመታት ግድቡ ሥር 80 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ወደ መሠረቱ ይጠጋ ጀመር። ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ከአበዳሪና ከለጋሾች አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2017 ጥገናውን የጀመሩት ግድቡ ውሃ እንደያዘ፣ ኃይል እያመነጨ ነው። ካሪባን የቆፈረውና የፋፈንን ድልድይ ምሰሶ የሚሸረሽረው ያው ውሃ ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። እነሱ ያን ያህሉን መጠገን ከቻሉ ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ ያለን ባለ ሁለት ምሰሶ ድልድይ ትራፊክ ሳያቆሙ መጠገን የማይቻልበት የምሕንድስና ምክንያት አይታየኝም።

የሚቆይ ነገር ምን እንደሚያመጣ ጣሊያን ጄኖቫ ላይ አሳይታለች። የሞራንዲ ድልድይ የማጠናከሪያ ሥራ ተወስኖ ጨረታው ወጥቶ ነበር። ሥራው ሳይጀመር ነሐሴ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ድልድዩ ወድቆ 43 ሰዎች ሞቱ።

ከራሳችንም ታሪክ የሚጠቀስ አለ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከጅግጅጋ በላይ ያለውን የማርዳን መተላለፊያ ለቆ ሲያፈገፍግ መንገድና ድልድይ እያፈነዳ ነበር የሄደው። ከኋላው የመጣው ጦር ግን ሐረር የገባው መጋቢት 17፣ ድሬዳዋ መጋቢት 20 ነው። የአዋሽ ድልድዮች ተሰብረው ሳለ አዲስ አበባ መጋቢት 28 ተይዛለች። ያ ሁሉ ተሽከርካሪ ያለፈው የፈረሰው መንገድ በጦርነት መሀል በቀናት እየተጠገነ ነው። ዛሬ ሰላም ባለበት ቀን፣ ከዚያ እጅግ በተሻለ መሣሪያ አንድ ካልቨርት ለወራት ተቆፍሮ ሲቀር ሰበቡ የመሬት አቀማመጡ ሊሆን አይችልም።

ወደ ሰሜን ሄጄ ባሕር ዳርን ላንሣ። ከጣና መውጫ ላይ ለጢስ ዓባይ ማመንጫ ውሃ የሚመጥነው የጨረጨራ ግድብ አለ፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው የዓባይ ድልድይ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝምና 43 ሜትር የሚሰፋ አዲስ ድልድይ ተመርቋል። አስፈላጊ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። የሚቆረቁረኝ ለምረቃ የምንሰጠውን ክብር ሩቡን እንኳ ለጥገና አለመስጠታችን ነው። ድልድይ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። ጋቢዮን ሲታሰር የመጣ ባለሥልጣን አላየሁም። ማንም የማያየው ሥራ ደግሞ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ባልሞላ 20 ዓመት ከ100 ሺህ አልፏል። ያ ሁሉ አዲስ መንገድ በአንድ ወቅት ነው የተሠራው፤ የሚያረጀውም በአንድ ወቅት ነው።

የጥገናው የጊዜ ሰሌዳም ከዝናቡ ጋር የተጣላ ነው። በፋፈን ዞን ያለ አርብቶ አደር ዓመቱን በጉ፣ በካራንና በጂላል ይከፍላል። ጂላል ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ደረቁ ጊዜ ነው፤ ወንዙ አሸዋ፣ መሠረቱ ገላጣ፤ ድልድይ ለመጠገን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በጀት ግን የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው። ድልድሉ እስኪወርድ፣ ጨረታው ወጥቶ እስኪከፈት፣ ቅሬታው እስኪታይ፣ ቅድመ ክፍያ እስኪለቀቅ ጂላል ያልፋል። ኮንትራክተሩ ማሽኑን ይዞ የሚመጣው ሚያዝያ ላይ፣ የጉ ዝናብ ሲገባ ነው። ሰኔ 30 ደግሞ ገንዘቡ ተመላሽ ስለሚሆን ዝናብ ውስጥም ቢሆን ይቆፈራል። ቅያስ መንገዱ አፈር ነው፣ ቱቦ አልተቀበረበትም፣ በመጀመሪያው ጎርፍ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ይቆጣል፣ «ጥገና ማለት መከራ ነው» ይላል፤ ቀጣዩም ጥገና «ይቆይ» ይባላል። ሕዝቡ የተማረረው በጥገናው ይመስለዋል። የተማረረው ግን ጊዜውን ባልጠበቀ ጥገና ነው።

የትራፊኩን ነገር ሳስብ በዓይኔ የሚመጡብኝ የግመል ወተት ነጋዴ ሴቶች ናቸው። ወተቱ በቢጫ ጄሪካን ተሞልቶ ጠዋት መኪና ላይ ይጫናል። ማቀዝቀዣ የለም። ፀሐዩ ሲበረታ ይኮመጥጣል። ሁለት ሰዓት በሰልፍ ላይ መቆም ለተሳቢው ሹፌር መዘግየት ነው፤ ለወተት ነጋዴዋ የቀኑ ገቢ ነው። ጫቱም እንዲሁ ሰዓት አለው፤ መኪናው የሚበረው ለዚህ ነው፤ በጠባብ ቅያስ ላይ አደጋ የሚያደርሰውም ለዚህ ነው። ምጥ የያዛት እናት ያለችበት አምቡላንስ ደግሞ ሰልፉን ጥሶ ማለፍ አለበት። ይህን የሚያውቅ አካል ሥራውን በሰዓት ይከፍለዋል፤ ግማሹን መስመር ይጠግናል፣ በሌላው ግማሽ በተራ ያሳልፋል፣ ወተትና ሕመምተኛ በሚያልፍበት ሰዓት ማሽኑን ያቆማል፣ ከባዱን ኮንክሪት ትራፊክ በሚቀንስበት ሌሊት ያፈሳል። ባንዲራ የያዙ ሁለት ወጣቶች በሬዲዮ እየተነጋገሩ ተራ ቢያስከብሩ የቀኑ ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀራል።

አሁን የሚደረገው ብዙ ጊዜ አንድ ሰሌዳ መትከል ነው፦ «መንገዱ ስለተዘጋ ተለዋጭ መንገድ ይጠቀሙ»። በካራማራ ላይ ተለዋጭ መንገድ የቱ ነው? ማስታወቂያ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ይነገር፤ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይነገር፤ ሹፌሩ በሚያድርበት በአወዳይ፣ በሐረርና በቶጎጫሌ መናኸሪያ ይነገር፤ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ሰዓት ይጻፍበት። ሰዓቱ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ይከበር።

አንድ ነገር ለሹፌሮችና ለባለንብረቶችም አለኝ። ድልድዩን ውሃ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ከልኩ በላይ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ እያንዳንዱ ጉዞው ከድልድዩ ዕድሜ ላይ ይቀንሳል። የጭነት ሚዛን በሌሊት አልፎ፣ ጠዋት የመንገዱን መበላሸት መክሰስ አይገባም።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን መከራከሪያ ሰምቼዋለሁ። የመንገድ ፈንድ በአዋጅ የተቋቋመው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ገቢው በዋናነት ከነዳጅ ላይ የሚቆረጠው ሒሳብ ነው፤ ዓላማውም የመንገድ ጥገና ነው። ከአወዳይ እስከ ቶጎጫሌ የሚነዳው እያንዳንዱ ሹፌር ታንኩን በሞላ ቁጥር ለጥገና ከፍሏል። በቤርበራ ወደብ የተስፋፋው ተርሚናል በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በዚህ መስመር የሚጠበቀው ጭነት ጨምሯል፤ ከዚያ ከሚመጣው ኮንቴይነር የተወሰነው ነገ በእነዚሁ ድልድዮች ላይ ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ገንዘብ አይደለም። ከሐረር እስከ ቶጎጫሌ ባለው መስመር ያሉ ድልድዮችና ካልቨርቶች አንድ በአንድ ተፈትሸው የእያንዳንዱ ሁኔታ በይፋ ይውጣ፤ የትኛው በየትኛው ጂላል እንደሚጠገን ቀኑ ይቆረጥ፤ ጨረታው እስከ መስከረም ተጠናቆ ኮንትራክተሩ ኅዳር ላይ ጋቢዮኑንና ሲሚንቶውን ወንዙ ዳር ያውርድ። የሚመጣው ጉ ሚያዝያ ላይ ይገባል፤ እስከዚያ የቀሩት ወራት የሚቆጠሩ ናቸው።