መጀመሪያ ለድስቱ፣ ቀጥሎ ለአይሱዙው

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያም ስለ ዘር ዋጋም አይደለም፤ ስለ ሳህናችን ነው። የሚከፋው ሰው ሊኖር ይችላል። ይከፋው፤ ግን እስከ መጨረሻው ያንብበው።

በበጋ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር አለ። ከማክሰኚት በእኛ በእንፍራንዝ አድርጎ እስከ አዲስ ዘመንና ፎገራ ድረስ በመስኖ የለማ ሽንኩርትና ቲማቲም በመንገዱ ዳር ተከምሮ አይሱዙ ይጠብቃል። ደስ ይላል። የልፋታችን ውጤት ነው። ግን ያንን ቲማቲም ያመረተው ሰው ቤት ማታ ገብታችሁ መሶቡን ክፈቱት እስኪ። እንጀራ በሽሮ። ነገም እንጀራ በሽሮ። ከነገ ወዲያ ደግሞ እንጀራ በበርበሬ። ቲማቲሙስ? «እሱማ የገበያ ነው!» ጎመኑስ? «እሱ ለዶሮዎቹ ነው።» ወይ ጉድ!

እዚህ ላይ ሽሮን እየሰደብኩ አይደለም። ሽሮ ጥሩ ምግብ ነው፤ ገንቢ ነው፤ ጤፋችንም እንደዚሁ። ክፋቱ ብቻቸውን መሆናቸው ነው። በሬ ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ በሬ አይታረስም።

አሁን ቁጥር ልጥቀስ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። ልብ በሉ! ጤፍ አምራች፣ ስንዴ አምራች፣ ሽንኩርት አምራች፣ ለሌላው የሚተርፍ የምንባለው ክልል ነን። ከሁለት ልጆቻችን አንዱ ሊሆን ጥቂት የቀረው ግን ቁመቱ ለዕድሜው አልደረሰም። በዚያው ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆኑ የአገሪቱ ልጆች 57 በመቶዎቹ የደም ማነስ ነበረባቸው።

መቀንጨር ማጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ «አባቱም አጭር ነው» ብለን ባለፍነው። ግን የቀነጨረ ልጅ የአእምሮው እድገትም ይጎዳል፤ ትምህርት ይከብደዋል፤ በሽታ ቶሎ ይጥለዋል። ከፅንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት 1000 ቀናት የቀረበት ነገር በኋላ በቀላሉ አይካካስም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በዚሁ በክልላችን ከተማ ስም የሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማው ይኸው ነው፤ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በፈረንጆች 2030 ማጥፋት። ቃል ኪዳኑ በአዋሳና በአዲስ አበባ አዳራሽ አይፈጸምም። የሚፈጸመው በእኛ ድስት ውስጥ ነው።

በእርግጥ የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ማጣት፣ ተቅማጥ፣ የእናት ድካም፣ ድህነት። ሁሉን በአትክልት እንፈታዋለን አልልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይኼ ነው፤ ድህነት የከለከለው ሰው አለ፣ እሱን አልናገረውም። እኛ ግን በእጃችን ያለውን ነው የምንከለክለው። ጓሯችን ውስጥ ያለውን!

ለምን? አንዱ ምክንያት ኩራት ነው። ጎመን የድሃ ምግብ ተብሎ ስሙ ወድቋል። እንግዳ ሲመጣ ጎመን ማቅረብ ነውር ነው። «ጎመን በጤና» የምንለው እንኳ «ሌላው ቢቀርብኝ ይሻለኛል፣ ሰላሙን ብቻ ስጠኝ» ለማለት ነው። ተረቱን አከበርነው፣ ጎመኑን ናቅነው። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ተረቱን እንደ ቃሉ እንውሰደው። ጎመን፣ በጤና። ጤናው ያለው እኮ ጎመኑ ውስጥ ነው።

የሐበሻ ጎመን የዚህ የደጋችን ልጅ ነው፤ ከውጭ አልመጣም። ቅጠሉ ቫይታሚን ኤ የሚሆን ንጥረ ነገር፣ ቫይታሚን ሲ፣ ፎሌት፣ ካልሲየምና አይረን አለው። ቫይታሚን ኤ ያጠረው ልጅ ማታ ማታ ማየት ይሳነዋል፤ አባቶቻችን ዳፍንት የሚሉት ነው። ኩፍኝና ተቅማጥም ይበረቱበታል። ውስጡ ብርቱካን መልክ ያለው ዱባና ካሮት ለዚሁ ለዓይን ናቸው። የበሰለ ዱባ ሳይቆረጥ፣ ከነእንጭጩ፣ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። የትኛው ፋርማሲ ነው እንዲህ ያለ መድኃኒት ያለ ፍሪጅ የሚያቆይ?

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። «ልሽጠውና በብሩ የፈለግሁትን ልግዛ» ይላል አንዱ። ጥሩ። ሸጥከው። በብሩ ምን ገዛህ? ስኳር፣ ለስላሳ፣ ብስኩት። ለልጅህ ጎመን የሸጥክበትን ብር ይዘህ ብስኩት ገዛህለት፤ ንግዱ ይኼ ነው? የቲማቲም ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ የለቀማ ዋጋ እንኳ አላወጣም ብለን ማሳ ላይ እንተወዋለን። ማሳ ላይ ሲበሰብስ ያልቆጨን፣ ሦስት ፍሬ ለቤት ሲቆረጥ «ሳጥኑ ይጎድላል» እንላለን።

ሦስተኛው፣ «ሽንኩርቱስ በየወጡ አለ፤ ድንችም እንበላለን» የሚል ነው። ሽንኩርት መልካም ነው፤ ግን ለስምንት ሰው ወጥ የገባ ሁለት ራስ ሽንኩርት ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል? የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ይላል። ድንችና ስኳር ድንች ከዚህ ውስጥ አይቆጠሩም፤ እነሱ እንደ እንጀራ ጉልበት ሰጪ ናቸው። 400 ግራም ብዙ መስሎ ከታያችሁ ከግማሹ ጀምሩ። ዛሬ ከዜሮ ነው ያለነው።

አራተኛው፣ «ጾም አለብን» ነው። ይኼን ስሰማ ሳቄ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያናችን አጽዋማት በዓመት ከ180 ቀን ይበልጣሉ፤ ለአትክልት ከዚህ የተመቸ ሥርዓት የት ይገኛል? ጎመን በኑግ ዘይት የጾም ነው። ዱባ ወጥ የጾም ነው። ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም በቃሪያ፣ ሁሉም የጾም ነው። በዐቢይ ጾም ሳማ እየለቀሙ ሲያበስሉ የኖሩ እናቶች ያሉበት አገር ነው እኮ። «አባቶቻችን ያለ አትክልት ኖረዋል» የምትሉም ይኼንኑ አስታውሱ። ሳማውንም የዱር ቅጠሉንም በልተዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነበር። እኛ ለአንድ ኪሎ ሜትር ባጃጅ እየጠበቅን በነሱ ጤና አንማል።

አሁን በሌላው ወገን ያሉትንም ልንገራቸው። በየገበያው በድምፅ ማጉያ «ስኳር ያድናል፣ ግፊት ያድናል፣ ጨጓራ ያድናል» እያሉ የቅጠል ዱቄት የሚሸጡ አሉ። ነጭ ሽንኩርት በማር ካለ የግፊት መድኃኒት አያስፈልግም የሚሉም አሉ። ውሸት ነው። ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ነው፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን አይተካም። ሽፈራውም ጥሩ ቅጠል ነው፤ ነገር ግን የቆላ ዛፍ ነው። የእሱን ዱቄት በውድ ገዝቶ ጓሮው ያለውን ጎመን ለዶሮ የሚበትን ሰው ጤና ሳይሆን ወሬ ነው የገዛው። አትክልት በሽታ ይቀንሳል እንጂ ከሐኪም አያፋታም። እንዲያውም የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቅጠላ ቅጠል ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡሯም ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የአይረን እንክብል «ጎመን እበላለሁ» ብላ አትተው።

ጎንደር ይኼን ትምህርት ቀድማ ያወቀች አገር ናት። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በፈረንጆች 1954 ነው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ያኔ የሠለጠኑት ባለሙያዎች ሥራቸው ሆስፒታል ቁጭ ብሎ በሽተኛ መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ሳይታመም መንደሩ ድረስ ሄዶ መከላከል ነበር። ጤና ከሆስፒታሉ በር በፊት ይጀምራል። ከጓሮ ይጀምራል።

የግብርናውንም ቤት ሳልነካ አላልፍም። የእኛ ሙያ ሪፖርት ላይ ሄክታር አለ፣ ኩንታል አለ፣ የገበያ ትስስር አለ። «ስንት ቤተሰብ ካመረተው በላ?» የሚል ዓምድ ግን የለም። ምርታማነት ማለት ለአዲስ አበባ ሰው ሰላጣ ማድረስ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ የቀነጨረበትን አርሶ አደር ሞዴል ብሎ መሸለም ያሳፍራል። ዓምዱ ይጨመር!

እንግዲህ ነቀፋ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ከነገ ጀምሮ የሚሠራ ነገር ይኸውላችሁ።

አንደኛ፣ ከሚሸጠው ማሳ ሌላ፣ ከቤት አጠገብ አንድ መደብ ለቤት ብቻ ይለይ። 1 ሜትር በ5 ሜትር ይበቃል። በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ 30 የጎመን ችግኝ ይይዛል። የታችኛውን ቅጠል እየሸመጠጣችሁ ከላይ አምስት ስድስት ቅጠል ከተዋችሁለት ወራት ያበላል። ውሃ የለም አትበሉኝ፤ የአትክልትና የእህል እጣቢ ውሃ አለ። ቦታ የለም የሚል በከረጢት አፈርና ብስባሽ ሞልቶ ይትከል።

ሁለተኛ፣ የዚህ መደብ ጌታ የቤቱ እናት ትሁን። አባወራው ሳያማክራት አይሽጠው። የማሳው ብር በእሱ ኪስ ከሆነ፣ የጓሮው ቅጠል በእሷ እጅ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በጓሮው መደብ ላይ ኬሚካል አይረጭ፤ ልጆች እየቀጠፉ ይበሉበታል። ለገበያ በሚሆነው ላይም ከተረጨ በኋላ እስኪለቀም የሚጠበቀው ቀን በዕቃው ላይ ተጽፏል፤ ይጠበቅ። ለራሱ ያልተረጨ፣ ለሰው ዛሬ ተረጭቶ ነገ የሚለቀም የሚያቀርብ ሰው ነጋዴ አይባልም። የሚበላውም ሰው ልጅ ነው።

አራተኛ፣ አበሳሰሉ ይስተካከል። ጎመኑን ከመክተፋችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ እጠቡ። በብዙ ውሃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ ውሃውን መድፋት ቫይታሚን ሲውንና ፎሌቱን መድፋት ነው። በትንሽ ውሃ፣ ተከድኖ፣ ለአጭር ጊዜ ይብሰል። ዘይት ጠብ ይደረግበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ለሰውነት በደንብ አይደርስም። አዮዲን ያለው ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ዕቃውም ይከደን። እንቅርት በደጋችን የቆየ ጠላት ነው። ግን ጨው አይብዛ፤ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ በታች ነው የሚመከረው።

አምስተኛ፣ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቁ ወይም ቃሪያና ቲማቲም ጨምሩ፤ የቅጠሉ አይረን ወደ ደም የሚገባው ያኔ ነው። ቡናው ደግሞ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ቡናና ሻይ አይረኑን ያስቀሩታል። ቡና ተዉ አላልኩም፣ ኧረ እሱንስ አልደፍርም! ይዘግይ ነው ያልኩት።

ስድስተኛ፣ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ። ከዚያ በኋላ በአጥሚቱና በገንፎው ላይ የበሰለና የተፈጨ ጎመን፣ ዱባ ወይም ካሮት ይግባበት። «ሆዱን ይነፋዋል» እያላችሁ ውሃ የሆነ አጥሚት ብቻ አታጠጡት። ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ከአይሱዙው የሚጎድለው ምናልባት አንድ ሳጥን ነው። አንድ ሳጥን! ለነጋዴ የሚመረጠው ትልቁና ቀዩ ነው፣ ለቤት የሚቀረው የተጎዳው። ዘንድሮ ልማዱን እንገልብጠው። ከመጀመሪያው ለቀማ የመጀመሪያው ቁና ለቤት ይግባ፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን ይንፋ፣ ይጠብቅ። ልጅ ግን አይጠብቅም፤ እያደገ ነው።