ስለ ቡና ማፍያውና ስለ ቅዳሜዋ አንድ ሰዓት



ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ብድግ ብለው፣ «እኔ ልጄን ትምህርት ቤት የምልከው የፈረንጅ ቡና ማፍያ እንዲያይልኝ ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚሳቅበት ሆኖ አላገኘሁትም። እኚህ አባት የተናገሩት ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ካሉ ተማሪዎች ጋር በትምህርት ቤቱ ሦስት ታብሌቶች ከኢንተርኔት የተገኙ እንግዳ ሥዕሎችን፣ የእጅ ሥራዎችንና ልዩ ልዩ አስገራሚ ነገሮችን ስለምናይባት አንድ ሰዓት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህች ሰዓት ትቅር ወይስ ትቀጥል የሚለው ይወሰናል። እኔ ትቀጥል ባይ ነኝ። ምክንያቴንም በዚህ ጽሑፍ ላቀርብ እወዳለሁ።

በቅድሚያ ጥፋቴን ልናገር። ሰዓቷን እንደ ጀመርን ሰሞን የወሩን የኢንተርኔት ካርድ በሁለት ቅዳሜ ጨረስሁት። የስምንተኛ ክፍል የፈተና ምዝገባ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የለም። አራት ተማሪዎች ገበያ ካለው ሱቅ ከፍለው ተመዘገቡ። ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከራሽኑ ላይ ተቀንሶ ከተሸጠ ዘይትና ማሽላ ነው። ለሁለቱ መልሼአለሁ፤ የሁለቱ ዕዳ ገና አለብኝ። ከዚያ ወዲህ የምናያቸውን ነገሮች ዓርብ ማታ በራሴ ስልክና በራሴ ካርድ አውርጄ አመጣለሁ እንጂ የትምህርት ቤቱን ካርድ አልነካም። ስለ ካርዱ የቀረበው ወቀሳ ልክ ነው። ስለ ቡና ማፍያው በቀረበው ግን አልስማማም።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1991 እንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ላቦራቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ትሮጃን ሩም በሚባል ክፍል አጠገብ አንድ የጋራ ቡና ማፍያ ነበራቸው። ሰዎቹ የሚሠሩት በተለያየ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃውን ወጥተውና ወርደው ሲደርሱ ማፍያው ባዶ ሆኖ ያገኙታል። በዚህ የተማረሩት ኩዌንቲን ስታፈርድ ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ አንድ ካሜራ ማፍያው ላይ አነጣጥረው ከኮምፒዩተር ጋር አገናኙት። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ስፋቱም 128 በ128 ነጥብ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ ቡና መኖር አለመኖሩን ማየት ቻለ። በ1993 መጨረሻ ላይ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው ምስሉን በኢንተርኔት ለዓለም ከፈቱት፤ የመጀመሪያው የኢንተርኔት ካሜራ የሚባለውም እርሱ ነው። ከሩቅ አገር ያለ ሰው ሁሉ ሊቀምሰው የማይችለውን ቡና ሲመለከት ዓመታት አለፉ። ላቦራቶሪው ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር ካሜራው በ2001 ተዘጋ። አሮጌው ማፍያ በጨረታ ቀርቦ ዴር ሽፒገል የተባለው የጀርመን መጽሔት የኢንተርኔት ክፍል በ3,350 ፓውንድ ገዛው።

እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። በእኛ ሰፈር ቡና መኖሩን የሚናገረው የሙቀጫው ድምፅና የዕጣኑ ሽታ ነው፤ ካሜራ አያስፈልገውም።

ልጆቹ ግን ሌላ ነገር አዩበት። አንዱ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ይኸ እኮ የእኛ ቧንቧ ነው» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ከዚያ አስረዳኝ። ጀሪካን ይዞ እስከ ቧንቧው ይሄዳል፤ ውሃ የለም፤ ይመለሳል። ደግሞ ይሄዳል፤ ውሃው መጥቶ ሰልፉ ረዝሟል። ደረጃ ወጥተው ባዶ ማፍያ ያገኙት ሊቃውንት የደረሰባቸው በትክክል ይኸው ነው። እኛ ካሜራም ሆነ የሚተከልበት ኮምፒዩተር የለንም። ልጆቹ ተማክረው ከቧንቧው አጠገብ ረጅም እንጨት ተከሉ፤ ውሃ ሲመጣ ቀድሞ የደረሰ ልጅ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል፤ ሲሄድ ያወርዳል። ዛሬ በላይኛው ሰፈር በየደጃፋችሁ ቆማችሁ የምታዩት ቀይ ጨርቅ የመጣው ከዚያች ቅዳሜ ነው። ጠያቂው አባትም ጨርቁን እያዩ ልጃቸውን ሲልኩ አይቻለሁ፤ ይህን የምለው ለማሳጣት አይደለም፤ እኔም እንደ እሳቸው ጨርቁን እያየሁ ነው ውሃ የምቀዳው።

በየቅዳሜው እንዲህ ያለ ፍሬ ይገኛል ብዬ ግን አላታልላችሁም። አብዛኛውን ጊዜ አይተን፣ ስቀን፣ ትንሽ ተከራክረን እንለያያለን። አንዳንዱ ያመጣሁት ነገር ለእኔ እንጂ ለልጆቹ ምንም ሳይሆን ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎቹን የያዛቸው የጃፓኑ ሰው ሥራ ነው። ስልክ ያለው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ በመልእክት መካከል የምንልካቸው ትንንሽ ሥዕሎች አሉ፤ ልብ፣ ፀሐይ፣ የሚስቅ ፊት። ኢሞጂ ይባላሉ። በ1999 ሺገታካ ኩሪታ የተባለ ሰው ዶኮሞ ለተባለው የጃፓን የስልክ ኩባንያ 176 እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን አዘጋጀ። አሳቡን የወሰደው ከአየር ትንበያ ምልክቶችና ከጃፓን የካርቱን መጻሕፍት ነው። የተፈቀደለት ቦታ ለእያንዳንዱ ሥዕል ወደ ጎን 12፣ ወደ ታች 12 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በድምሩ 144። በዚያች ጠባብ ቦታ ዝናብንም፣ ባቡርንም፣ የተሰበረ ልብንም ማስገባት ነበረበት። በ2016 ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ኪነ ጥበብ ሙዚየም 176ቱንም የስብስቡ አካል አደረጋቸው። በዓለም ታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ያለበት ቤት መሆኑን ልብ በሉ።

እኛም የሒሳብ ደብተር አወጣን። ካሬ ካሬ ሆኖ የተሰመረው ገጽ ላይ 12 በ12 ከለልን። ሕጉ አንድ ነው፤ ካሬው ወይ ይጠቁራል ወይ ነጭ ይሆናል፤ ግማሽ የለም። ጀሪካን፣ የራሽን ካርድ፣ ድንኳን፣ ፍየል፣ ሶላር፣ በአቧራ ነፋስ ዐይኑን የጨፈነ ሰው ተሣለ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጀበና ልሥራ ብላ ሦስት ቅዳሜ ፈጀች። አንገቱን ስታቀጥነው ጠርሙስ ይመስላል፤ ሆዱን ስታሰፋው እጀታው ቦታ ያጣል። በመጨረሻ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ጨረሰችው። እናቷ ከራሽን ጆንያ በመዘዙት ክር ሌማት የሚሰፉ ባለሙያ ናቸው። ደብተሩን አይተው፣ «ይኸማ ቆጠራ ነው» አሉ ይባላል። እውነት ነው። ስፌት የሚሰፋ ሰው ጥቁሩን ስንት ነጩን ስንት ብሎ እየቆጠረ ነው ቅርጹን የሚያወጣው፤ ጥለት የሚጥል ሸማኔም እንደዚሁ ክር ይቆጥራል። ተማሪዎቼ ኮምፒዩተር ምስልን በነጥብ እንደሚሠራ ከእኔ ይልቅ ከእኚህ እናት በተሻለ ተረድተዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሬ ነው ያቋረጥሁት፤ በሁለቱ ዓመት ብዙ ነገር ሸምድጃለሁ፤ አንድም ቀን ግን በእጅህ ሠርተህ አሳየን ያለኝ የለም።

እስከ ዛሬ በስልካችን ካሉት ሥዕሎች ውስጥ ትኩስ ነገር የያዘ ሲኒ አለ፤ የሻይ ጀበና የሚመስል ማንቆርቆሪያም አለ፤ የእኛው የቡና ጀበና ግን የለም። «ታዲያ ማን ነው የሚፈቅደው?» ብለው ጠየቁኝ። የሚፈቅደው ዩኒኮድ የተባለ፣ የዓለም ፊደላትና ምልክቶች በኮምፒዩተር ላይ አንድ ወጥ ሆነው እንዲጻፉ የሚሠራ ድርጅት ነው። የግዕዝ ፊደላችን በዚህ ሥርዓት የተካተተው በዚያው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የየራሱ መንገድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ቅራቅምቦ ይሆን ነበር። አዲስ ሥዕል ይጨመርልኝ ብሎ ማመልከት ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። በ2016 ራዩፍ አልሁመይዲ የተባለች በበርሊን የምትኖር የ15 ዓመት የሳዑዲ ልጅ እኔን የሚመስል፣ ሒጃብ የለበሰች ሴት ሥዕል የለም ብላ አመለከተች። በ2017 ጸደቀ፤ ዛሬ በየስልኩ አለ። ይህን በነገርኋቸው ቅዳሜ ከኋላ የተቀመጡት ሴት ልጆች ስልኩን ተቀባብለው ሲያዩ የነበረውን ፀጥታ ብታዩት እወድ ነበር። የሚቀርበው ማመልከቻ ብዙው ተቀባይነት እንደማያገኝም ነግሬአቸዋለሁ። የጀበናውን ማመልከቻ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀምረናል፤ የሰዋስው ትምህርቴ እንዲህ ያለ ጆሮ አግኝቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ 10 አትሌቶች ያሉት የስደተኞች ቡድን ተሰልፎ ነበር፤ ማራቶን የሮጠው ዮናስ ክንዴ ኢትዮጵያዊ ነው። አምስቱ ደግሞ በኬንያ ይኖሩ የነበሩ የደቡብ ሱዳን ልጆች ናቸው። ቡድኑ የገባው በኦሊምፒክ ባንዲራ ሥር ነው። ያራ ሰዒድ የተባለች ከሶርያ ተሰዳ አምስተርዳም የገባች ሠዓሊ ግን ለእነርሱ ብላ ባንዲራ ሠራች፤ ብርቱካናማ መደብ፣ መካከሉ ላይ አንድ ጥቁር መስመር። ቀለሙ በባሕር የሚሻገሩ ስደተኞች የሚለብሱት የሕይወት አድን ሰደርያ ነው፤ እርሷም ለብሳዋለች። ስለዚህ ባንዲራ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ነው የተከራከረው። ግማሹ ወደደው። ግማሹ «እኛ አገር አለን፤ ስደት ባንዲራ አያስፈልገውም» አለ። አንዲት ልጅ ወንድሟ በባሕር ነው የሄደው፤ ምንም አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ፈራጅ አልሆንሁም፤ ዛሬም አልፈርድም።

ወላጆች የምትፈሩት ሌላም ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ነውር አለ፤ ሌባም አለ። ገንዘብ ክፈሉና ሦስተኛ አገር እናስወጣችኋለን የሚሉ አታላዮች በዚሁ በስልክ ይመጣሉ፤ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ በነጻ መሆኑን ሳያውቁ የተበሉ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ነገር ግን ልጆቻችን ስልኩን ከገበያም ከጎረቤትም ያገኙታል። «ይህን ማን ሠራው? መቼ? ለምን?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ልጅ ነው አታላዩንም የሚጠይቀው። በቅዳሜው ሰዓት የሠሪው ስም ካልታወቀ ሥዕሉን አናይም፤ ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው።

ለፈተና የሚዘጋጁት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሰዓቱን ለሒሳብ ቢያውሉት ይሻላል የሚለውን አሳብ እቀበላለሁ። ስለዚህ ፈተናቸው እስኪያልፍ እነርሱ ይቅሩ፤ ከአምስተኛ እስከ ሰባተኛ ያሉት ይቀጥሉ። ካርዱ እንደ አሁኑ ከእኔ ይሁን። አንድ ወላጅ በየተራ አብሮን ይቀመጥ፤ የሌማቷ ባለሙያ ለመጀመሪያው ቅዳሜ ፈቃደኛ ሆነዋል።

ከስብሰባው በፊት 41 ሥዕሎች በአምስተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ቀድማችሁ ድረሱና ተመልከቷቸው። ጀበናዋ ከመስኮቱ በስተግራ፣ በሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ከቅርብ ስትታይ ጥቁር ካሬ ብቻ ናት፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ አፈግፍጉ።